በጓሮ ያለ ኩሬና የቤቱ ሕፃን

መግቢያ

በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ዝናብ አጠር በሆኑት ወረዳዎች የተዘዋወረ ሰው «ውሃ ማቆር» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አልተመለሰም። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር። በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ገበሬ በጓሮው የዝናብ ውሃ ይያዝ ተባለና በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በደቡብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የቤተሰብ ኩሬዎች ተቆፈሩ። ከፊሎቹ በሲሚንቶ የተለሰኑ ሲሆኑ ከፊሎቹ ደግሞ ወፍራም ፕላስቲክ የተነጠፈባቸው ነበሩ።

ስለ እነዚህ ኩሬዎች ብዙ ተጽፏል። ስለ ስርገቱ፣ ስለ ትነቱ፣ ስለ ፕላስቲኩ መቀደድ፣ ስለ ወባ ትንኝ መራባት። ስለ ሕፃናት ሲነሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ «ኩሬው መታጠር አለበት» ይባላል፣ አለቀ። ይህ ጽሑፍ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ፈታ አድርጎ ለማየት ይሞክራል። ምክንያቱም የእኛ ቤት ኩሬ ታጥሮ ነበር።

በቤታችን የሆነው

ኩሬያችን የተቆፈረው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ወሎ፣ ቤታችን ከተሠራበት ኮረብታ ሥር። እኔ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ዙሪያውን በእሾህ አጠረው፣ ለመግቢያ የምትሆን ደግሞ የእሾህ ዘለላ አስሮ በር አደረጋት። በር ብትባልም ማጠፊያ የላትም፤ በሁለት እጅ አንስተው ወደ ጎን የሚያደርጓት ናት። ሁለት ዓመት ያህል ምንም አልሆነም።

በኅዳር 1998 ዓ.ም. አንድ ጠዋት እናቴ ሽንኩርት ታጠጣለች። በአንድ እጇ ባልዲ በሌላው ጀሪካን ይዛ አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ ትመላለሳለች። እንግዲህ ሁለት እጇ ተይዞ በየምልልሱ እሾህ ስታነሳና ስትመልስ ልትውል ነው? አይሆንም። በሩን ክፍት ተወችው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነው፣ «ወንድምህን እየው» ተብያለሁ። ወንድሜ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ፍየሏ ጎመን ውስጥ ገባች፣ እሷን ላባርር ዞርኩ። ስመለስ ወንድሜ የለም። ጩኸት አልሰማሁም፤ ውሃው ሲንቦጫረቅም አልሰማሁም።

አጎቴ እየሮጠ መጣና ገባ። ውሃው በመስኖ ቀንሶ ደረቱ ድረስ ብቻ ስለነበር ልጁን ወዲያው አገኘው። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ፤ መውጣት አልቻለም። ፕላስቲኩ አረንጓዴ ዝቃጭ ይዞ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፣ አንድ ክንድ በወጣ ቁጥር ተንሸራቶ ይመለሳል። ልጁ ትከሻው ላይ ዝልፍልፍ ብሏል።

«መቀነትሽን! እታለም መቀነትሽን ወርውሪልኝ!»

እናቴ ፈታ ወረወረች፣ አልደረሰም። ሁለት የጎረቤት ሴቶች የየራሳቸውን ፈትተው ቀጠሉበት። በሦስት መቀነት ተስቦ ነው የወጣው። ከዚያም ልጁን በእግሩ ዘቅዝቀው አራገፉት (ይህ ስህተት መሆኑን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ)፤ አስመለሰው፣ አለቀሰ። ዛሬ ደህና ነው። እናቴ በሩን ክፍት በመተዋ ለዓመታት ራሷን ስትወቅስ ኖራለች፤ እኔም ፍየሏን በማየቴ። የኩሬ ዲዛይን ትምህርት ስንማር ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ያ በር ውሃ የሚቀዳ ሰው ሊዘጋው የሚችል በር አልነበረም።

ውሃውና የሕፃኑ አካል

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል። ከነዚህም ሩብ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። እኛ ስለ መስጠም ስናስብ ዓባይን፣ ተከዜን፣ የክረምት ጎርፍን እናስባለን። ለትንሽ ልጅ ግን አደገኛው ውሃ ቤቱ አጠገብ ያለው ነው፤ ወንዝ ድረስ ብቻውን አይሄድም፣ ጓሮ ግን ይሄዳል።

ገና መራመድ የጀመረ ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው። ጎንበስ ብሎ ውሃ ውስጥ የራሱን ጥላ ሲያይ ሚዛኑ ወደ ፊት ያደላል፣ በግንባሩ ይወድቃል። ክንዱ ራሱን ቀና አድርጎ ለማውጣት ገና አልጠነከረም። አፍንጫና አፉን ለመሸፈን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል፤ ባልዲም፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋም ልጅ ገድሎ ያውቃል። ደግሞም አይጮኽም። አየር የሌለው ሰው ምን ድምፅ አለው? «ቢወድቅ እንሰማዋለን» የሚባለው ነገር ፍጹም ውሸት ነው። አንጎል ያለ አየር ጉዳት ሳይደርስበት የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኩሬው እንምጣ። ላዩ 8 በ8 ሜትር፣ ወለሉ 2 በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ኩሬ እንውሰድ። 84 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፣ የጎኑ ተዳፋትም 1 ለ 1 ማለትም 45 ዲግሪ ነው። እኛ ተማሪዎች ይህን ተዳፋት የምናየው አፈሩ ይናዳል አይናድም በሚለው ብቻ ነው። እርጥብ ፕላስቲክ ሲነጠፍበት ግን 45 ዲግሪ ጎልማሳ ሰው የማይወጣው ግድግዳ ይሆናል። ሌላም አለ። ውሃው ሲቀንስ አደጋው የቀነሰ ይመስለናል። ውሃው በግማሽ ወርዶ 1 ሜትር ከ50 ሲቀር ከውሃው በላይ የሚታየው ሙልጭልጭ ተዳፋት ከ2 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከዳር ሆኖ እጅ መዘርጋት ከእንግዲህ አይደርስም። አጎቴን የያዘው ይህ ነው። የመስቀል ሰሞን ጢም ብሎ በሞላ ኩሬ ቢሆን ኖሮ መዋኘት የሚችል ሰው ዳሩን ይጨብጥ ነበር፤ አጎቴ ደግሞ ዋና አይችልም፣ ያ ሌላ ጣጣ ነው።

አጥሩ

በእንግሊዝ አገር በአትክልት ቦታቸው ለጌጥ ኩሬ ያላቸው ቤተሰቦች ትንሽ ልጅ ካላቸው የሚሰጣቸው ምክር ቀላል ነው፤ ልጁ እስኪያድግ ኩሬውን ድፈኑት፣ ከፈለጋችሁ አሸዋ ሙሉበትና መጫወቻ ይሁን። ለእኛ ይህ አይሠራም። ኩሬው ጌጥ አይደለም፣ የሽንኩርቱና የቃሪያው ውሃ ነው። ስለዚህ ልንማር የምንችለው የመዋኛ ገንዳ አጥርን በሕግ ከደነገጉት ከአውስትራሊያ ነው። እዚያ አጥሩ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ቁመት ይኖረዋል፣ በቋሚዎቹ መካከልም ሆነ ከሥሩ ከ10 ሴንቲ ሜትር የሰፋ ክፍተት አይፈቀድም፣ በሩ ደግሞ ሲለቁት ራሱ ይዘጋል፣ ራሱ ይቆለፋል። አጥሩ ገንዳውን ብቻ በአራት ጎን መክበብ አለበት የሚለው ሐሳብም ከጥናት የመጣ ነው። ግቢውን በሙሉ አጥሮ ቤቱን እንደ አራተኛ ጎን መቁጠር ልጁን ከውሃው ጋር አንድ ላይ መዝጋት ነው። የእኛም ሰው «ግቢዬ ታጥሯል» ሲል አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ማለቱ ነው፤ አጥሩ የጎረቤትን ከብት እንጂ የቤቱን ልጅ አይከለክልም።

ከላይ ላነሳነው 8 በ8 ኩሬ ከዳሩ 1 ሜትር ከ50 ራቅ ብሎ ቢታጠር ዙሪያው 44 ሜትር ይሆናል። በየሁለት ሜትሩ አንድ ቋሚ ቢተከል 22 ቋሚ ነው። ይህን ቁጥር የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ለኩሬው ሲሚንቶው ወይም ፕላስቲኩ፣ ቁፋሮው፣ ሁሉም ይሰላል፤ 22ቱ ቋሚ ግን ሲሰላ አይቼ አላውቅም። «ገበሬው ያጥረዋል» ይባላል። ገበሬውም ያለውን እሾህ ይቆርጣል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ማገዶ በጠፋ ቀን ደግሞ እሳት ይሆናል።

ሕያው አጥር ይሻላል የሚለው የተለመደ ምክር ነው፣ እኔም እስማማለሁ። አጋምና ኮሽም እሾሃቸው ልጅን ይመልሳል፤ ጥቅጥቅ ብለው እስኪያድጉ ግን ዓመታት ይወስዳሉ፣ እስከዚያ ደረቅ እሾህ ከፊታቸው ያስፈልጋል። ቅንጭብ ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦም ይጸድቃል፣ ለዚህ ነው ብዙዎች የሚመርጡት። ነገር ግን የቅንጭብ ወተት ዓይን ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ከኩሬ እጠብቀዋለሁ ያልነውን ልጅ ዓይኑን ልናጠፋ ነው? ልጆች ባሉበት ቤት ቅንጭብ ባልተክል እመርጣለሁ።

ደግሞ አጥሩ በጣም ከጠቀጠቀ ውስጡ የገባ ልጅ አይታይም። ስለዚህ ወደ ማድ ቤቱ የሚያየውን ጎን ከቀጥ ያለ እንጨት፣ የልጅ ጭንቅላት በማያሳልፍ ክፍተት መሥራት ይጠቅማል፤ እናት ከምጣዱ ሳትነሳ ኩሬውን ታያለች። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር አለች። ማገሩን ከውጭ በኩል ካሠርነው ለልጁ መሰላል ሠራንለት ማለት ነው፤ ማገሩ ከውስጥ በኩል ይሁን።

በሩ

ከሁሉ የባሰው ደካማ ቦታ ይህ ነው። አጥር የሚሠራው ቀን ሰው ሁለት እጁ ነፃ ነው፣ ጊዜም አለው። በሩን የሚጠቀመው ሰው ግን 20 ሊትር ተሸክሟል፣ ምናልባትም ሕፃን አዝሏል። በር ሲነደፍ መታሰብ ያለበት ይህ ተሸካሚ ሰው ነው።

ራሱን የሚዘጋ በር የግድ የፋብሪካ ማጠፊያ አይጠይቅም። ቀለል ያለ መዝጊያ ከእንጨት ይሠራል፣ ከጫፉ ገመድ ይታሠራል፣ ገመዱ በጎን ባለው ቋሚ ባላ ላይ ያልፍና በሌላው ጫፉ ድንጋይ ይንጠለጠልበታል። ሰው ሲገፋው ይከፈታል፣ ሲለቀው ድንጋዩ ጎትቶ ይዘጋዋል። በሩ ከኩሬው ወደ ውጭ የሚከፈት ቢሆን መልካም ነው፤ ልጁ ከውጭ ቢገፋው እንዳይከፍተው። መወርወሪያው ደግሞ ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን፤ በአውስትራሊያ 1 ሜትር ከ50 ገደማ ነው።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ግን ጨርሶ በሩን እንዳይከፍቱ ማድረግ ነው። ልጁን ከውሃው ማራቅ ብቻ ሳይሆን ውሃውን ከአጥሩ ማውጣት እንችላለን። የሽንኩርቱ መደብ ከኩሬው ዝቅ ያለ ከሆነ አንድ ጎማ (ላስቲክ ቱቦ) ውሃ ተሞልቶ አንዱ ጫፉ ኩሬው ውስጥ ሌላው መደቡ ጋ ሲሆን ውሃው በራሱ ይወርዳል። መደቡ ከፍ ካለ በእግር የሚረገጥ ፓምፕ ከአጥሩ ውጭ ተተክሎ ቱቦው ብቻ ይገባል። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው ፓምፕ ለአንዳንድ ገበሬዎች ታድሎ ነበር፣ ዓላማው ግን ጉልበት መቆጠብ ነበር። የልጅ ሕይወት ማዳኛም ሊሆን እንደሚችል ያስተማረ አላየሁም። እናቴ ያን ቀን ፓምፑ ቢኖራት ኖሮ አሥራ አምስቱ ምልልስ ዜሮ ይሆን ነበር። በአጥሩ ውጭ በርሜል አስቀምጦ መሙላትም ይቻላል፤ ታዲያ በርሜሉ ክዳን ይኑረው፣ አለበለዚያ አደጋውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ አዛወርነው።

ስለ መክደን

ብዙ ሰው «ለምን አይከደንም?» ይላል። ትነትንም ይቀንሳል፣ ትንኝንም ይከላከላል፣ እውነት ነው። የሲሚንቶ ጉድጓዶች አፋቸው ጠባብ ስለሆነ ክዳን፣ ክዳኑም ቁልፍ ሊኖራቸው ይገባል። ደለል ማስቀሪያዋም ትንሽ ናትና ተብላ ትረሳለች፤ ጥቂት ዝናብ ሲጥል መጀመሪያ የምትሞላው እሷ ናት፣ በእንጨት ርብራብ ትከደን። 8 ሜትር ስፋት ያለው ኩሬ ላይ ግን አጠና ዘርግቶ ሣር መክደን እኔን ያስፈራኛል። እንጨቱ ይጎብጣል፣ ይበሰብሳል፣ ልጁ ደግሞ መሬት መስሎት ይራመድበታል። የልጅ ክብደት የማይችል ክዳን ከማይኖር ክዳን ይብሳል። ሊሸከም በሚችል ጠንካራ እንጨት ወይም ሽቦ መረብ መሥራት ከተቻለ ጥሩ፤ ካልተቻለ ገንዘቡ ለአጥሩና ለበሩ ቢውል ይሻላል።

ቢወድቅስ?

አጥርም በርም ይሳሳታሉ። ስለዚህ ከኩሬው መውጫ መኖር አለበት። በአራቱም ጎን ከዳር በተተከለ ጠንካራ ችካል ላይ የታሠረ፣ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ የተቋጠረ ወፍራም የናይሎን ገመድ እስከ ወለሉ ይውረድ። ውሃው በወረደ ጊዜም ይደርሳል ማለት ነው። ቋጠሮው ለእጅ መያዣ፣ ለእግርም መርገጫ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ በዚህ ራሱን ሊያወጣ ይችላል፤ የሁለት ዓመቱ አይችልም፣ ሊያድነው የገባው ሰው ግን ይወጣበታል።

ሌላው ነገር በየቤቱ አለ። ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ረዥም ገመድ ታሥሮበት ከአጥሩ ላይ ይንጠልጠል። ውሃ ላይ ተወርውሮ የጎልማሳን ራስ ከውሃ በላይ ለመያዝ ይበቃል። ለማዳን የገባ ሰው አብሮ የሚሞትበት ጊዜ ብዙ ነውና ዋና የማይችል ሰው ወደ ጥልቅ ውሃ አይዝለል፤ ጀሪካኑን ይወርውር፣ ረዥም እንጨት ይዘርጋ።

የወጣው ልጅ ካልተነፈሰ በእግሩ አይዘቅዘቅ፣ ሆዱም አይጨመቅ። ይህ ጊዜ ያባክናል፣ ትውከቱንም ወደ ሳንባ ይመልሰዋል። ወንድሜ የዳነው በመዘቅዘቁ ሳይሆን ሳይዘገይ በመውጣቱ ይመስለኛል። ልጁ በጀርባው በጠንካራ መሬት ላይ ይተኛ፣ አገጩ ቀና ይደረግ፣ በመጀመሪያ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ይሰጠው፤ ለጨቅላ ሕፃን አፍና አፍንጫውን በአንድ ላይ በአፍ ሸፍኖ ነው። ምላሽ ከሌለ የደረቱ መሐል 30 ጊዜ ይጫን፣ ከዚያ ሁለት ትንፋሽ፣ እንደገና 30። ጭነቱ የደረቱን አንድ ሦስተኛ ያህል የሚያሰርግ ሲሆን ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። ለትንሽ ልጅ አንድ እጅ ይበቃል። ልጁ እስኪተነፍስ ወይም ባለሙያ እስኪደርስ አይቋረጥ። ነቅቶ ቢያለቅስም ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ የትንፋሽ ችግር ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ጠባቂው ማን ነው?

እዚህ ላይ ስለ ባንግላዴሽ ማንሳት ፈለግሁ። እዚያም ኩሬ በየቤቱ አጠገብ አለ፣ ትንንሽ ልጆችም በብዛት የሚሰጥሙት እናቶች በሥራ በሚጠመዱበት በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ነው። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ በየመንደሩ አንዲት የሠለጠነች ሴት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት የጎረቤቶቿን ሕፃናት ሰብስባ ትጠብቃለች። የመስጠም ሞት በእነዚህ ልጆች ዘንድ በእጅጉ ቀንሷል። የዓለም የጤና ድርጅትም የሕፃናት ማቆያን እንደ አንድ የመከላከያ መንገድ ይመክራል።

በእኛ አገር ጠባቂው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሌላ ልጅ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ የሁለት ዓመቱን ያዝላል፣ ይጠብቃል። ጥሩ ባህል ነው፣ መተጋገዝ ነው። ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ ፍየል ሲያይ ይዞራል። ይህን እንደ ጥፋት መቁጠር ሳይሆን በእሱ ልክ መንደፍ ነው የሚያስፈልገው። በአንድ ጎጥ አምስት ስድስት እናቶች በመስኖ ወራት ተራ ቢገቡ፣ አንዷ ስትጠብቅ ሌሎቹ ቢያጠጡ፣ እንደ ደቦ ሊሠራ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጭምር ልታስተባብረው ትችላለች።

የተተዉት ኩሬዎች

በመጨረሻ የማነሳው ሰው የረሳውን ነው። ከእነዚያ ኩሬዎች ብዙዎቹ ዛሬ አገልግሎት አይሰጡም። ፕላስቲኩ ተቀዷል፣ አጥሩ ፈርሷል፣ ጉድጓዱ ግን አለ። ሐምሌና ነሐሴ ሲሞላ ስርገቱ ቢኖርም ለሳምንታት ውሃ ይይዛል፤ የሚቀዳ ሰው ስለሌለ የሚያይም ሰው የለም። እኛ ነገ ቀበሌ ስንመደብ አዲስ ከማስቆፈራችን በፊት እነዚህን መቁጠር ያለብን ይመስለኛል።

የእኛው ኩሬ ፕላስቲኩ በ2004 ዓ.ም. ተቀዶ ቀረ። ባለፈው የበጋ ዕረፍት ከወንድሜ ጋር ልንደፍነው ተነሳን። 84 ሜትር ኩብ ጉድጓድ በሁለት አካፋ እንደማይሞላ በሦስተኛው ቀን ገባን። ስለዚህ ዳር ዳሩን እየናድን ወደ ውስጥ ገፋነው፤ ላዩ ይሰፋል፣ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ተዳፋቱ ልጅ እየዳኸ የሚወጣው ይሆናል። ከዚያ በቁልቁለቱ በኩል ውሃው እንዳይጠራቀም ቦይ ቀደድንለት። አጎቴ መጥቶ አይቶ «ጌሾ ይሆነዋል» አለ፣ እኛም ጌሾ ተከልንበት።